ሬዲዮኑን አያስዘጉ

ደብረ ብርሃን፣ ጥቅምት 20 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድዎና ለማከብርዎ አባቴ፤

ለጤናዎ እንደምን ከርመዋል? እኛ ከብርዱ በስተቀር፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሁላችንም ደኅና ነን። ዘንድሮ ውርጩ ቶሎ ገባ፤ ጠዋት በር ስከፍት ግቢው ነጭ ሆኖ አድሮ አገኘዋለሁ። ልጆቹ «በጥቅምት አንድ አጥንት» የሚለውን የእርስዎን አባባል ተምረው ሥጋ ካልተገዛ እያሉ መድረሻ አሳጥተውኛል። በርኖስዎን አራግፌ፣ ፀሐይ አስመትቼ አስቀምጬልዎታለሁ። መንገዱ ሰላም ሆኖ ሲመጡ ያገኙታል።

እትዬ ባለፈው ሳምንት ስትደውል የዓይንዎ ሞራ የሚገፈፍበት ቀን መቆረጡን ነግራኝ ደስ ብሎኝ ነበር። ወዲያው ግን ሌላ ወሬ አስከተለች። የስፖርት ዜና ሲጀምር «ዝጉልኝ ይሄን ነገር!» ማለት ጀምረዋል አሉ። «አበበ በባዶ እግሩ ያመጣውን እነዚህ በዚህ ሁሉ ጫማ አጡት፤ የሚሮጡት ለዶላር ነው፤ አትሌት ድሮ ቀረ» ብለዋል አሉ። ይህንን የመንደሩ ሰው ሁሉ ቢለው ሰምቼ አልፈው ነበር። እርስዎ ሲሉት ግን አላስቻለኝም። ጎረቤት «ሴት ልጅ ኳስ ምን ያደርግላታል?» እያለ፣ ትከሻዎ ላይ አስቀምጠው የፋብሪካ ሠራተኞችን ጨዋታ ያሳዩኝ እርስዎ ነዎት። ይህንን በሽታ ያጋባብኝ ሰው እሱ ድኖ እኔን ታምሜ እንድቀር ሲተወኝ ዝም ማለት አይሆንልኝም።

በስልክ እንዳልሞግትዎ ደግሞ ገና ሁለት ቃል ሳልናገር «በይ ካርድሽ እንዳያልቅ» ብለው ይዘጉብኛል። ስለዚህ ጻፍኩት። ቃልኪዳን ቀስ ብላ ታንብብልዎ። የውጭ አገር ሰዎች ስም ላይ ስትደርስ ከተንተባተበች አይቆጧት፤ እኔም ስጽፈው ላብ አጥምቆኛል።

አስቀድሜ እውነቱን ልመንልዎ። አዎ፣ ዘንድሮ ቶኪዮ ላይ ወርቅ አላገኘንም። ከዓለም ሻምፒዮናው ይዘን የተመለስነው ሁለት ብርና ሁለት ነሐስ ነው። ኬንያ ግን 7 ወርቅ ወሰደች። በሴቶች ከ800 ሜትር እስከ ማራቶን ያለውን ወርቅ፣ መሰናክሉንም ጨምሮ፣ ኬንያውያን ሴቶች አንድ ሳያስተርፉ ጠራርገው ወሰዱት። በ1997 ዓ.ም. ሄልሲንኪ ላይ በ5 ሺህ ሜትር ጥሩነሽ፣ መሠረት፣ እጅጋየሁና መሰለች ከአንደኛ እስከ አራተኛ ተከታትለው ሲገቡ «አረንጓዴው ጎርፍ!» እያልን የጨፈርን ሰዎች ይህንን አይተን ቢያመን አይፈረድብንም። እኔንም አሞኛል። ታምሜ ግን ሬዲዮ አላስዘጋሁም።

ለቶኪዮ የተለየ ልብ እንዳለዎት አውቃለሁ። ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. አበበ ሁለተኛውን ወርቅ ሲያመጣ እርስዎ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ነበሩ። ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ሕክምና ካስወጣ ገና ስድስት ሳምንት እንኳን ሳይሞላው ሮጦ፣ አሸንፎ፣ ሌሎቹ መሬት ላይ ሲዘረሩ እሱ ሣሩ ላይ ተንጋሎ እግሩን እያነሳ የሰውነት እንቅስቃሴ መሥራቱን ስንት ጊዜ ነግረውናል! ሲነግሩንም ዝም ብለው አይነግሩንም፣ ምንጣፉ ላይ ተኝተው ያሳዩን ነበር፤ እማዬ «ተው አንተ ሰውዬ ወገብህን!» እስክትል ድረስ። የዘንድሮው ማራቶን የተጀመረውም ያለቀውም እዚያው ቦታ ላይ ነው። አሮጌው ስታዲየም ፈርሶ በቦታው አዲስ ተሠርቷል እንጂ መሬቱ ያው አበበ የረገጠው ነው። ንዴትዎ ከዚህ የመጣ ይመስለኛል። ከመንዲዳ አጠገብ፣ ከጃቶ የወጣ ሰው ባሸነፈበት መሬት ላይ ሌላ ሰው ሲያሸንፍ ማየት፣ በእርስዎ ሁኔታ ደግሞ መስማት፣ የርስት ክርክር የተሸነፉ ያህል ይቆረቁራል።

ስለዚህ ዓይንዎ ያላየውን ልንገርዎ። ሬዲዮኑ «የብር ሜዳሊያ አገኘች» ብሎ አልፎታል፤ እንዴት እንደተገኘ አልነገረዎትም።

መስከረም 4 ቀን፣ እሑድ ነበር። ቶኪዮ በስድስት ሰዓት ስለምትቀድመን የሴቶቹ ማራቶን የሚያልቀው በእኛ ሌሊት አሥር ሰዓት ገደማ ነው። ባለቤቴ እንዳይነቃ ድምፁን ዘግቼ፣ ብርድ ልብሱ ውስጥ ሆኜ በስልኬ አየሁት። ሙቀቱና ወበቁ ሯጮቹን አንድ በአንድ ሲያራግፍ ቆይቶ መጨረሻ ላይ ሁለት ሴቶች ብቻ ቀሩ፤ የእኛዋ ትዕግሥት አሰፋና የኬንያዋ ፔሬስ ጄፕቺርቺር። ጎን ለጎን ሆነው ስታዲየም ገቡ። አባባ፣ እስቲ ያስቡት፤ 42 ኪሎ ሜትር ተሩጦ፣ ላቡ ከአገጭ እየተንጠባጠበ፣ አንዲት እርምጃ እንኳን አልተለያዩም! ትዕግሥት ቀድማ ወጣች። እኔ ብርድ ልብሱን ነክሼ ይዣለሁ። የመጨረሻው ቀጥታ ላይ ሲደርሱ ግን ጄፕቺርቺር ከየት እንዳመጣችው የማላውቀው ጉልበት አወጣችና አለፈቻት። የአንዷ ሰዓት 2፡24፡43፣ የሌላዋ 2፡24፡45። ሁለት ሰከንድ! ጮክ ብሎ «በስመ አብ» ለማለት እንኳን አይበቃም። ባለቤቴ በእኔ ጩኸት ነቅቶ ሌባ የገባ መስሎት ከአልጋው ዘለለ።

ሦስተኛዋን ልንገርዎና ይሳቁ። ከኡራጓይ የመጣች፣ ማንም ያልጠበቃት ልጅ ናት። መስመሩን አልፋ እንኳን ነሐስ ማግኘቷን ማመን አቅቷት ግራ ተጋብታ ትቆም ነበር። አገሯ በዓለም ሻምፒዮና ሜዳሊያ ስታገኝ የመጀመሪያዋ ነው። ኡራጓዮች ያን ቀን በሦስተኛነት አብደው ሲጨፍሩ እኛ በሁለተኛነት ሐዘን ተቀምጠናል።

በዚያው ዕለት፣ ቀን ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ደግሞ የወንዶቹ 10 ሺህ ሜትር ነበር። ቀስ ብሎ የተሮጠ፣ ሁሉም እርስ በርሱ የሚጠባበቅበት ሩጫ ነው፤ እርስዎ የሚጠሉት ዓይነት። ዙሩ ሲያልቅ ዮሚፍ ቀጄልቻ፣ ያ ረጅሙ ልጅ፣ ከፊት ነበር። ወርቁ ገባ ብዬ ተነሥቼ ቆምኩ። ጂሚ ግሬሲየ የሚባል ፈረንሳዊ ከኋላ ተወርውሮ መስመሩ ላይ ደረሰበት። 28፡55.77 እና 28፡55.83። እዚህ ላይ ሰከንድ እንኳን የለም አባባ፤ የሰከንድ ስድስት መቶኛ ነው። በአንድ እሑድ፣ ሌሊትና ከሰዓት በኋላ፣ ሁለት ወርቅ በዚህ በዚህ አመለጠን። «አትሌት ድሮ ቀረ» የሚባለው አንደኛውን ማየት ሲያቅት እንጂ አንገት ለአንገት ተናንቀው ሲሸነፉ አይመስለኝም።

ትዕግሥትን እርስዎ እንዲወዷት የምፈልገው ስለዚህ ውድድር ብቻ አይደለም። ይህች ልጅ መጀመሪያ የ800 ሜትር ሯጭ ነበረች፤ ሪዮ ኦሊምፒክ ላይ የተወዳደረችው በዚያ ነው። ከሁለት ዙር ሩጫ ወደ ማራቶን መሄድ ማለት ምን እንደሆነ እርስዎ ይፍረዱ። በመስከረም 2016 በርሊን ላይ 2፡11፡53 ገብታ የዓለምን ክብረ ወሰን ከሁለት ደቂቃ በላይ ሰበረችው። አሁን የምናገረውን ሲሰሙ አይቆጡ፤ አበበ ቶኪዮ ላይ የዓለም ፈጣን ሰዓት ሆኖ የተመዘገበለት 2፡12፡11 ነው። በስልሳ ዓመት ውስጥ አንዲት ኢትዮጵያዊት ሴት ከሻምበሉ ሰዓት 18 ሰከንድ ቀድማ ገባች። ይህንን መጀመሪያ ሳሰላው ወረቀቱን ሁለት ጊዜ ነው ያየሁት።

ከዚያ በኋላ ያለው ዕድሏ ግን ያሳዝናል። በነሐሴ 2016 ፓሪስ ኦሊምፒክ ላይ ከሲፋን ሐሰን ጋር መጨረሻው ላይ ሲፋተጉ፣ ክርን ለክርን ተነካክተው፣ በሦስት ሰከንድ ተቀደመች። ሲፋን የአዳማ ልጅ ናት፤ የሮጠችው ግን ለኔዘርላንድ ነው። የእኛ ሰዎች አቤቱታ አቀረቡ፣ ተቀባይነት አላገኘም። እንደ እኔ እንደ እኔ ክርኑ የሁለቱም ነው፤ ወርቅ በአቤቱታ እንዲመጣም አልፈልግም። በጥቅምት 2017 ደግሞ የኬንያዋ ሩት ቼፕንጌቲች ቺካጎ ላይ 2፡09፡56 ገብታ የትዕግሥትን ክብረ ወሰን ወሰደች። ይህችው ሯጭ ዘንድሮ፣ ገና በዚህ ወር፣ የተከለከለ ንጥረ ነገር ተገኝቶባት ለሦስት ዓመት ታገደች። ናሙናው የተወሰደው ከቺካጎው ውድድር በኋላ ስለሆነ ሰዓቷ አልተሰረዘም። ሕጉ ሕግ ነው፤ ሆዴ ግን አልተቀበለውም። እኛም በዚህ ነገር ንጹሕ ነን እያልኩ አይደለም። የእኛም ልጆች ተይዘው ታግደዋል፤ እሱን ስሰማ ከብሩ ይልቅ ያፈርኩት ያኔ ነው። እርስዎ ሬዲዮ ማስዘጋት ከፈለጉ ለእንዲህ ያለው ቀን ያቆዩት።

አሁን ወደ ቤታችን ልመለስ። አማችዎን ያውቁታል፣ አርሰናል ነው። ምሽቱን ዲኤስቲቪ ቤት ቀይ ማሊያ ለብሶ ይሄዳል፣ ጉሮሮው ተዘግቶ ይመለሳል። አርሰናል በእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ሦስት ዓመት በተከታታይ ሁለተኛ ወጥቷል። አንድ ቀን እንኳን «ቡድን ድሮ ቀረ» ሲል ሰምቼው አላውቅም። «ሂደት ላይ ነን፣ ይታገሱ» ነው የሚለው። ይኸው ሰው በዚያች እሑድ ጠዋት ቁርስ ላይ ስለ ትዕግሥት «ምነው ትንሽ ብትጨምር!» አለኝ። ትንሽ ብትጨምር! እንጀራውን ይዤ ቆሜ አየሁት። ለንደን ላሉ፣ ስሙን ለማያውቁት ሰዎች ሦስት ዓመት የሚታገስ ልብ አለው፤ አገሩን ወክላ በዚያ ወበቅ ለሮጠች ሴት ሁለት ሰከንድ አይታገስም። ከተማው በሙሉ እንደዚሁ ነው። እርስዎም በዚህ በኩል ከአርሰናሎች አይሻሉም፤ ልቆጣዎት ብዬ ሳይሆን እውነት ስለሆነ ነው።

ስለ ጫማው ያሉትን ደግሞ ልተወው አልቻልኩም። አበበ ሮም ላይ በባዶ እግሩ የሮጠው ጫማ ንቆ አይደለም፤ የተሰጠው አዲስ ጫማ እግሩን ስላልተመቸው ነው። ፓጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በዘመን መለወጫ ዋዜማ፣ በባዶ እግሩ 2፡15፡16 ገባ። ቶኪዮ ላይ ጫማ አድርጎ 2፡12፡11 ገባ። ጫማው ሦስት ደቂቃ አመጣ አልልዎትም፤ ጫማ ማድረጉ ግን አላሳነሰውም። የዛሬው ጫማ ሌላ ነገር መሆኑን አልክድም። ትዕግሥት በርሊን ላይ ያደረገችው የአንዱ ክብደት 138 ግራም ነው፣ ዋጋው 500 ዶላር ነው፣ የተሠራውም ለአንድ ማራቶን ነው ይባላል። ለአንድ ማራቶን! እርስዎ አንድ ቆዳ ጫማ ሶል እያስቀየሩ ለጡረታ ያደረሱ ሰው ስለሆኑ ይህ ቢያስገርምዎ ገብቶኛል። ግን ኬንያውያኑም፣ ፈረንሳዊውም፣ ያቺ ኡራጓያዊትም የሚያደርጉት እንዲህ ያለውን ነው።

ዶላሩን በተመለከተ አንድ ነገር ላስታውስዎት። ኢትዮጵያ ሚሌኒየሙን ባከበረችበት በመስከረም 2000 ዓ.ም. የጫጫዋ ልጅ ጌጤ ዋሚ በርሊን ማራቶንን አሸነፈች። ከ35 ቀን በኋላ እግሯ ሳያርፍ ኒው ዮርክ ላይ ሮጣ ከፖላ ራድክሊፍ ቀጥላ ሁለተኛ ወጣች። በዚያ ውጤት የታላላቆቹን ማራቶኖች የነጥብ ውድድር አሸንፋ 500 ሺህ ዶላር ወሰደች። ያን ቀን ቡና አስፈልተው፣ ጎረቤት ጠርተው፣ «የእኛ አገር ልጅ!» እያሉ ሲጨፍሩ የነበሩት ማን ነበሩ? ሁለተኛ ወጥታ፣ ለዶላር ሮጣ፣ እርስዎ ግቢ ውስጥ ፈንዲሻ ተረጨ። ጫጫ ከደብረ ብርሃን ቅርብ ስለሆነች ነው ብዬ ልለፈው?

አበበ እኮ የክቡር ዘበኛ ወታደር ነበር። ቢያሸንፍም ባያሸንፍም ደመወዝ ነበረው፤ ሲያሸንፍም ማዕረግ ጨመረለት። ዛሬም ለሯጮች ደመወዝ የሚከፍሉ ክለቦች አሉ፤ ነገር ግን ሩጫ የጥቂት ዓመት እንጀራ ነው። ጅማት አንድ ቀን ሲበጠስ የሚጦር የለም። በዓለም ሻምፒዮና ለወርቅ 70 ሺህ ዶላር ይከፈላል፣ ለብር 35 ሺህ። በትልልቅ ከተሞች ጎዳና ላይ የሚገኘው ደግሞ ከዚህ ይበልጣል። የገበሬ ልጅ ይህንን አስልቶ ገና በጊዜ ወደ ጎዳናው ቢሄድ እኔ አልፈርድበትም። የምሰጋው ለ5 ሺህና ለ10 ሺህ ሜትር ነው፤ የደራርቱ፣ የኃይሌ፣ የቀነኒሳ፣ የጥሩነሽ ቤት የነበረው እሱ ነው። ኃይሌና ቀነኒሳን፣ ስለሺንም ጨምረው፣ ዙር እየተቀባበሉ ሌላውን ሲያደክሙ ያስታውሳሉ? አሁን ሦስቱም የእኛ ልጆች በየራሳቸው ሐሳብ ሲሮጡ አያለሁ፤ አንዱ ለአንዱ ሲሠራ አላይም። ቡድን የሚመረጥበት ሰሞን ደግሞ ሁልጊዜ ጭቅጭቅ አይጠፋም። ልጆቹ ሲሄዱ ግማሽ ልባቸው እዚህ ክርክር ላይ የቀረ ይመስለኛል።

ከዚህ ሁሉ በላይ የሚያናድደኝ ግን የሚሮጥበት ቦታ ነው። ሜዳሊያውን ትተው ለዚህ ቢቆጡ እኔም አብሬዎት እጮኻለሁ።

የትምህርት ቤታችንን ሜዳ ያስታውሱታል? አልተለወጠም። በታችኛው ጥግ ክረምት የገባው ውኃ እስከ ኅዳር አይደርቅም፤ በላይኛው ጥግ ድንጋይ አለ። የስፖርት መምህራችን ዙሩን በገመድ ለክቶ በኖራ ያሰምራል፤ ዝናብ ሲመጣ ኖራው ይሄዳል፣ እንደገና ያሰምራል። ባለፈው ሳምንት ስምንተኛ ክፍል ሲሮጡ ከመስኮት አየኋቸው። አንዲት ከገጠር በእግሯ የምትመጣ ልጅ አለች። ኮንጎ ጫማዋን አውልቃ፣ አንዱን በአንዱ ውስጥ ከትታ ድንጋይ ላይ አስቀመጠችና ገባች። ወንዶቹ ሳይቀሩ ኋላዋ ቀሩ። ረግረጉ ጋ ስትደርስ ግን ልትዘለው ስትል አዳልጧት በጉልበቷ ወደቀች። ተነሥታ፣ ጭቃውን በቀሚሷ ጠርጋ፣ ቀጠለችና አንደኛ ወጣች። መምህሩ የያዘውን ሰዓት አሳየኝ፤ «ጥሩ ነው ወይስ አይደለም?» ብዬ ጠየቅኩት። «የዙሩ ርዝመት ልክ ስለመሆኑ እርግጠኛ ብሆን እነግርሽ ነበር» አለኝ። በደጋው አየር ላይ፣ ከባሕር ወለል 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ተቀምጠን፣ አበበንና ጌጤን ባበቀለ መሬት ላይ፣ አንዲት ልጅ ምን ያህል እንደምትፈጥን የምንለካበት አንድ ትክክለኛ ዙር የለንም። በፈረንሳዊው ልጅ አገር ግን መም፣ ማለት ተለክቶ የተሠራ የመሮጫ ዙር፣ አይጠፋም።

አዲስ አበባም ቢሆን ያው ነው። የእርስዎ ዘመን ሰው ሁሉ የሚያውቀው ያ ስታዲየም ለእድሳት ተብሎ ስንት ዓመት ተዘግቶ ኖረ! ሯጮቹ መም ፍለጋ ሲንከራተቱ በየሬዲዮው ተናግረዋል። ከ60 ሺህ ሰው በላይ ይይዛል የተባለው የአደይ አበባ ስታዲየም በ2008 ዓ.ም. ተጀምሮ ይኸው እስከ ዛሬ ግንባታ ላይ ነው። ላም አለኝ በሰማይ ሆኖብናል።

ኳሱማ ይብሳል። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ስታዲየም ግብጽን፣ ያኔ የተባበረው ዓረብ ሪፐብሊክ ይባል ነበር፣ 4 ለ 2 አሸንፈን የአፍሪካን ዋንጫ ያነሣንበትን ቀን ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቁታል። ሁለት ለሁለት ሆኖ መደበኛው ሰዓት ሲያልቅ፣ በጭማሪው ኢታሎ ሦስተኛዋን፣ መንግሥቱ ወርቁ አራተኛዋን። ሉቺያኖ ዋንጫውን ከጃንሆይ እጅ ሲቀበል። ይህንን ሁሉ የነገሩኝ እርስዎ ነዎት፤ ታላቅ ወንድምዎ ስታዲየም ገብቶ አይቶ መጥቶ፣ ሳምንት ሙሉ ሲያወራው ሰምተው። ታዲያ ባለፈው ዓመት መጋቢት 12 ቀን ከዚሁ ከግብጽ ጋር ለዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ተጫወትን። «በሜዳችን» ነበር ጨዋታው። ሜዳችን የት እንደነበር ያውቃሉ? ካዛብላንካ! ሞሮኮ! አገር ውስጥ ደረጃውን የሚያሟላ ስታዲየም ጠፍቶ የእኛ ልጆች በባዕድ አገር፣ የእኛ ሰው በሌለበት ወንበር ፊት፣ በሜዳቸው ተብለው 2 ለ 0 ተሸነፉ። ያኔ ሬዲዮ ቢያስዘጉ ገመዱን እኔ ራሴ እነቅልልዎት ነበር። ልጆቹ በመሸነፋቸው አላዘንኩም፤ ግብጽ ከመሐመድ ሳላህ ጋር ማንንም ትመታለች። ተቀባይ ቤት ሳይኖረው እንግዳ የጠራ ሰው ሆነን መቅረታችን ነው ያንገበገበኝ።

ስለ ታምራት ቶላ አንድ ነገር ተናግሬ ላብቃ፤ ፓሪስ ላይ ስላገኘነው ብቸኛ ወርቅ በደንብ የሰሙ አልመሰለኝም። ተጠባባቂ ነበር። ሲሳይ ለማ ሲጎዳ ነው በእሱ ቦታ የገባው። መንገዱ ዳገት የበዛበት፣ ብዙዎቹን ያንበረከከ ነበር። ታምራት ዳገቱ ላይ ጥሏቸው ሄዶ 2፡06፡26 ገባ፤ የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን ነው። ተጠባባቂ ሆኖ፣ ልሮጥ ልቅር ሳያውቅ፣ እንደሚሮጥ ሰው ሲዘጋጅ የከረመ ሰው ነው። ይህን የመሰለ ሰው ከአንድ ዓመት በፊት የነበረው አገር በአንድ ዓመት ውስጥ አያልቅበትም።

ሌላው ሁሉ ደኅና ነው። ቤቱን በተመለከተ የጣራው ቆርቆሮ በነፋስ የተነሣውን አስመትቼዋለሁ። በጓ ሁለት ወልዳለች፤ አንዱ ጥቁር ነው፣ ልጆቹ «ፔሬስ» ብለው ስም አውጥተውለታል፤ ወንድ መሆኑን ብነግራቸው አልሰሙኝም። በሶና ቆሎ ከዚህ ደብዳቤ ጋር በሰው ልኬያለሁ። በሶው ለእርስዎ ነው፣ ቆሎው ለእትዬ፤ ጥርስዎን አይሞክሩት።

ሞራው ከተገፈፈ በኋላ ሐኪሙ የሚሰጥዎትን የዓይን ጠብታ በሰዓቱ ያድርጉ። ቃልኪዳን ሰዓቱን ትያዝልዎ። ኅዳር ላይ አዲስ አበባ ውስጥ ታላቁ ሩጫ አለ፤ ሐኪሙ ከፈቀደ መነጽር አድርገው ከእትዬ ጋር ወጣ ብለው መንገድ ዳር ቢቀመጡ ደስ ይለኛል። ሐኪሙ ካልፈቀደ ግን እንዳይሞክሩት፤ አውቅዎታለሁ።

መልስዎን ቃልኪዳን ትጻፍልኝ። ስለ ክርኑ የሚሉትን፣ ስለ ጫማው የሚሉትን፣ በተለይም ያን ጊዜ ለጌጤ የተረጨውን ፈንዲሻ እንዴት እንደሚያስተባብሉ መስማት እፈልጋለሁ። ስድብም ቢሆን እቀበላለሁ፤ እስከዚያው ግን ሬዲዮኑ ይከፈት።

ልጅዎ
ብርቱካን